«ትንሽ ቅቤ ምን ታደርገዋለች?»

በዚህ ዕትም የምናነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ስለ ወተት ነው። ወተትና የወተት ተዋጽኦ የማይስማማው፣ አልፎ አልፎም ሕይወቱን ለአደጋ የሚያጋልጥበት ሕፃን ስላላቸው ባልና ሚስት እንነጋገራለን። እንዲህ ያለውን ልጅ ማሳደግ በየትኛውም አገር ቀላል አይደለም። ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ሲሆን ግን አንድ ነገር ይጨመርበታል።

በጉራጌ ቤት ቅቤ እንዲሁ ምግብ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እንግዳ የሚከበረው በቅቤ ነው፤ አራስ የምትጠገነው በቅቤ ነው፤ የመስቀል ድግስ የሚደምቀውም በቅቤ ነው። እናቶች ወተታቸውን እያዋጡ በየተራ ቅቤ የሚወስዱበት ማኅበር ነበራቸው፤ ዛሬም በየገጠሩ አልጠፋም። ክትፎው በቅቤ ይለወሳል፣ አይቡ ከጎኑ ይቀርባል፣ ጎመን ክትፎውም ያለ ቅቤ ጎመን እንጂ ክትፎ አይባልም። ታዲያ በዚህ ማዕድ ላይ ተቀምጦ «ልጄ ቅቤ አይነካም» የሚል ወላጅ በእሱ ቤት ስለ ምግብ መናገሩ ነው። በሰሚው ጆሮ ግን የተሰጠውን ፍቅር መመለሱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ትልቁ ስጋት የሚመጣው ከክፉ ሰው እጅ አይደለም፤ ከሚወዱት ሰዎች እጅ ነው። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ሁሉም በፍቅር «ትንሽ ቅቤ ምን ታደርገዋለች?» ይላሉ።

ምን እንደምታደርገው እንመልከት። በወተት ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ገንቢ ነገር አለ። በአንዳንድ ሕፃናት ዘንድ የሰውነት መከላከያ ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ ጠላት እንደገባበትም ይዋጋል። ውጊያው በአንዳንዱ ልጅ ላይ ወዲያው፣ በደቂቃዎች ወይም ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል፦ ከንፈርና ዐይን ያብጣል፣ ሰውነት ሽፍታ ያወጣል፣ ልጁ ያስመልሳል፣ ሲብስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በሌላው ልጅ ላይ ደግሞ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል፦ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የማይድን ችፌ፣ ክብደት አለመጨመር። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው ሕፃናት ከመቶ ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው፤ ስለዚህ የሚያለቅስ ሕፃን ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። በአገራችን ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋ፣ የሚያስቀምጣቸው አዋቂዎች ብዙ ናቸው። ይህ አለርጂ አይደለም። በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር (ላክቶስ ይባላል) አንጀታቸው ስለማይፈጭላቸው ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። እነዚህ ሰዎች ወተቱ ረግቶ እርጎ ሲሆን ወይም አይብ ሲሆን ይቀልላቸዋል። ስለዚህ «እኔም ወተት አይስማማኝም፣ እርጎ ግን ምንም አይለኝም፣ ለልጁም እርጎ ስጡት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ለአለርጂ አይሠራም። ወተቱ ቢፈላም፣ ቢረጋም፣ አይብ ቢሆንም ፕሮቲኑ አለ። ንጥር ቅቤ ከሁሉ ያነሰ ፕሮቲን አለው፤ ያነሰ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ልጅ በዚያችው ትንሿ ይታመማል። የፍየል ወተትም መፍትሔ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ለላም ወተት አለርጂ ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች በፍየሉም ይታመማሉ።

«አለርጂ የፈረንጅ በሽታ ነው» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ለዚህ አባባል መልስ የምትሰጠው ራሷ ቡታጅራ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ1979 ዓ.ም. አንሥቶ በቡታጅራ ዙሪያ የጤና ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 1,065 ነፍሰ ጡሮች በአንድ ጥናት ተመዝግበው፣ የወለዷቸው ልጆች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ተመራማሪዎቹ ከመረመሯቸው ነገሮች መካከል የልጆቹ ደረት ሲር ሲር ይል እንደሆነ፣ ቆዳቸው ችፌ ያወጣ እንደሆነ፣ ለአቧራ ተባይና ለበረሮ አለርጂ አላቸው ወይ የሚሉት ይገኙበታል። ጥናቱ ስለ ወተት አልነበረም። ነገር ግን ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ቆዳው የሚቆስል ሕፃን በእንሰት አገርም እንዳለ አሳይቷል።

ችግሩ በሽታው በሌላ ስም መጠራቱ ነው። ወተት በጠጣ ቁጥር የሚያስመልስ ሕፃን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይወሰዳል። የሚያስቀምጠውና የሚከሳው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይቆፈራል። ፊቱ ድንገት ያበጠው «ቡዳ በላው» ይባላል። ልጁ እንጥሉ ተቆርጦም ያስመልሳል፤ ወተቱ አልቆመምና። ደሙን አፍስሶ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሌላ በሽታ ይጨመርበታል። ወገኖች፣ ልጃችሁ ወተት ወይም ቅቤ ከቀመሰ በኋላ በተደጋጋሚ የሚታመም ከሆነ ምን እንደበላ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ምን እንደሆነ በደብተር ጻፉ፤ ደብተሩን ይዛችሁ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለሐኪሙ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የሚረዳው ይህ ደብተር ነው። ቀስ ብሎ በሚመጣው ዓይነት ሐኪሙ ወተትን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አስቁሞ ለውጡን ያያል፤ ከዚያ መልሶ ያስጀምርና ያረጋግጣል። ወዲያው በሚያሳብጠው ዓይነት ግን መልሶ መሞከር በሐኪም ፊት እንጂ በቤት የሚደረግ አይደለም። ያለ ሐኪም ደግሞ በጥርጣሬ ብቻ ወተት መከልከል ልክ አይደለም፤ ብዙ ልጅ በምግብ እጥረት በሚቀጭጭበት አገር ከጤነኛ ልጅ ላይ ገንቢ ምግብ መንጠቅ ይሆናል።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ጡት አታስጥሉት። እናቲቱ የበላችው ወተትና ቅቤ በጥቂቱ በጡቷ ያልፋል፤ ስለዚህ በሐኪም ምክር እሷ ወተትና ቅቤ ትተዋለች እንጂ ጡቷን አትከለክልም። ይህ ለአራስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ገንፎው መሐል በቅቤ ተሞልቶ የሚመጣላት፣ «አጥንትሽ ይጠገን» እየተባለ የምትለመነው እሷ ናት። እንቢ ስትል ደግሞ «የራሷ ጡት ነው ልጁን ያሳመመው» የሚል ሹክሹክታ ይከተላል። ባል ሆይ፣ ይህን ሹክሹክታ ማቆም የአንተ ሥራ ነው። የእናቲቱ ወተት ጥፋት የለበትም፤ እሷም ካልሲየም ሐኪሙ ባዘዘላት መጠን ልትወስድ ይገባታል።

ለአራሱ ልጅ ቅቤ ማስላስና ገላውን በቅቤ ማሸትም እንዲሁ ቢቀር ይሻላል። አዲስ ለተወለደ ልጅ ከእናት ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም፤ የተዋጠው ቅቤ ወደ ሳንባ ሊገባም ይችላል። ችፌ ያቆሰለው ቆዳ ላይ የምግብ ፕሮቲን መቀባት ደግሞ ለአለርጂ በር ሊከፍት እንደሚችል በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ የሚጀምር ልጅስ? እውነቱን ለመናገር፣ ከዓለም ሕዝቦች መካከል ያለ ወተት ማብሰል እንደ ኢትዮጵያውያን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችሁ በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰባ በላይ ቀናት ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል የሌለበት ምግብ ያበስላሉ። በሽሮ፣ በምስር፣ በክክ፣ በሱፍ፣ በተልባ፣ በሰሊጥ ያደገ ሙያ ነው። የእኛ ጾም እንደ እነሱ ባይሆንም ለልጃችሁ ጤና ስትሉ ጎረቤቶቻችሁን «የጾም ምግብ እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብትሏቸው ምን ነውር አለው? ምግብ ቤትና ኬክ ቤት ስትገቡም «የጾም አለ?» የምትለው ጥያቄ «ወተት የሌለበት አለ?» ከማለት ፈጥና ታግባባለች፤ አስተናጋጁ ሁሉ ያውቃታል። ነገር ግን በፍስክ ቀን ድስቱና ማንኪያው ቅቤ ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።

ልዩነቱ ጾመኛው አዋቂ መሆኑ ነው፤ ልጃችሁ ግን እያደገ ነው። በእንሰት አገር ይህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆጮና ቡላ ኃይል ይሰጣሉ፣ ፕሮቲናቸው ግን እጅግ ትንሽ ነው። አባቶቻችን ቆጮን ከአይብ፣ ከሥጋና ከጎመን ጋር የበሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አይቡና ወተቱ ሲወጣ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ባዶውን በቡላ ገንፎ ብቻ የሞላ ቤት ልጁ ወፍራም እየመሰለው ይቀጭጭበታል። ዕንቁላል የሚስማማው ከሆነ ዕንቁላል፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ዓሣ ይጨመርለት። ቡታጅራ ለዝዋይ ሐይቅ ሩቅ አይደለችም። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 500 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ያለ ወተት ይህን መሙላት ቀላል ስላልሆነ ጎመኑን፣ ጤፉንና የተፈጨ ሰሊጡን አብዝታችሁ ቀሪውን ሐኪሙን ጠይቁ። ገንፎውን በቅቤ ፋንታ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ለውሱለት። ልጁ ይለምደዋል፤ የማይለምደው ገንፎውን የሚያየው ትልቅ ሰው ነው።

የታሸጉ ነገሮችን ተጠንቀቁ። በቆርቆሮ የሚሸጠው የተለመደው የሕፃናት ወተት ከላም ወተት የተሠራ ነው፤ ለዚህ ችግር የተዘጋጀው ልዩ ዓይነት ዋጋው የሚከብድ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ። ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ ኬክ፣ አንዳንዱ ዳቦ፣ የታሸገ የገንፎ ዱቄትም የወተት ዱቄት ይገባባቸዋል። ጀርባው ላይ «ሚልክ»፣ «ባተር»፣ «ዌይ» ወይም «ኬዚን» የሚል ካለ ይቅር። አንድ ነገር ደግሞ አበክረን እንናገር፦ የከሳ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚሰጠው ፕላምፒ ናት ውስጥ የወተት ዱቄት አለ፤ በሆስፒታል ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጡት ልዩ ወተቶችም እንደዚያው። ብዙ ልጅ ያዳኑ ናቸውና አንነቅፋቸውም። ልጃችሁ የወተት አለርጂ ካለበት ግን ፓኬቱን ከመቀበላችሁ በፊት ለባለሙያው ንገሩ።

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ፤ በአብዛኛው ልጁ የሚጠበቀውም የሚጎዳውም በእነሱ ስምምነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። እናት የልጇን እብጠት በዐይኗ አይታለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኪያ ሁሉ ታሸታለች። አባት በሥራ ላይ ስለነበረ የሰማው እንጂ ያየው ነገር የለም፤ «አጋነንሽው» ይላታል። እሷ ከአማቷ ቤት ስትደርስ ልጁን ከማዕድ ታርቃለች፤ አማት «ኩራት ነው፣ የእኛን ቅቤ ጠይፋ ነው» ብለው ይቀየማሉ። ባል በእናቱና በሚስቱ መካከል ይቆምና ዝም ይላል። የዚያን ቀን ልጁን የሚያሳምመው ያ ዝምታ ነው፤ ምክንያቱም አያት የልጃቸውን ዝምታ ፈቃድ አድርገው ይወስዱታል፤ ምራታቸው ወደ ጓዳ ስትገባ አንዲት ጉርሻ አይብ ይሰጡታል።

ስለዚህ ለእናቱ የሚናገረው እሱ ይሁን። ሚስቱ ብትናገር ምራት ናት፤ እሱ ቢናገር ልጅ ነው። ቃሉም አይሸፋፈን። «ብዙም አይወደውም» አይበል፤ ይህ እንዲያስለምዱት መጋበዝ ነው። «ሆዱን ትንሽ ያመዋል» አይበል፤ ሆድ ያመመውማ በቅቤ ነው የሚታሸው! እንዲህ ይበል፦ «እማዬ፣ ሐኪም ከልክሎታል። ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ ከነካ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። አንቺ የሰጠሽው እንዲሆን አልፈልግም።» ከበድ ይላል? ይክበድ። አያት የልጅ ልጃቸውን መጉዳት አይፈልጉም፤ የጎደላቸው እውቀት ነው። የሚስቱን እናትስ? እዚያ ደግሞ ቃሉ የሚስቱ ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም ጥቂት እንበል። ለታመመ ልጅ እንጸልያለን፤ ጸሎታችንንም አናፍርበትም። የሚያሳስበን ከጸሎቱ በኋላ «እምነታችንን በሥራ እናሳይ» ተብሎ ለልጁ ወተት ሲጠጣለት ነው። ጌታ ራሱ ከመቅደስ ጫፍ ዝለል ሲባል አልዘለለም። ልጁ ከዳነ ወተቱን በሐኪም ፊት ቢጠጣው የተደረገለት ነገር አይቀንስም፤ እንዲያውም በማስረጃ ምስክርነት ይሰጣል። ደግሞም አብዛኞቹ ልጆች ይህን አለርጂ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ባለው ጊዜ ይተዉታል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሐኪሙን «እንሞክር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በችኮላ የሚደረገው የቤት ሙከራ ግን በገዛ ልጅ ሕይወት ላይ ዕጣ መጣል ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችም የልጁን ስም ይወቁ። ብስኩት ሲታደል ለእሱ ብቻ «አንተ አትብላ» ከማለት ለሁሉም ሙዝ ወይም ቆሎ ማደል ይቻላል፤ ወጪውም አይከብድም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በጃፓን፣ በቶኪዮዋ ቾፉ ከተማ፣ የወተት አለርጂ የነበረባት የ11 ዓመት ተማሪ በትምህርት ቤት ምሳ ላይ ሞታለች። የመጀመሪያው ሳህኗ ተለይቶ የተሠራላት ነበር። ድጋሚ ስትጠይቅ የተጨመረላት ግን ለሌሎቹ ከተሠራው፣ አይብ ካለበት ነበር። ዝርዝር፣ ባለሙያና መድኃኒት ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ምግብ የሚያድለው ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት።

ጥንቃቄው ሁሉ አልፎ ልጁ ቢቀምስስ? በከንፈሩ ዙሪያ ትንሽ ሽፍታ ብቻ ከሆነ አፉን አጥባችሁ በቅርብ ተከታተሉት። ትንፋሹ ካጠረ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ዝልፍልፍ ካለ ግን ደቂቃ አታባክኑ። አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ከቸገረው ደግፋችሁ አስቀምጡት፤ አታቁሙት፣ አታስኪዱት። አቅፋችሁ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ሩጡ፤ ወልቂጤ ዙሪያ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልና የአጣጥ ሆስፒታል አሉ፣ ቡታጅራም የራሷ ሆስፒታል አላት፤ ጤና ጣቢያ ከቀረባችሁ ግን እዚያ ግቡ። ከበሩ ጀምራችሁ «አለርጂ ነው፣ ወተት ቀምሶ ነው» በሉ። ሕይወት የሚያድነው መድኃኒት ጭኑ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። የማሳከክ ሽሮፕ ሽፍታውን ያስታግስ ይሆናል፤ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በአገራችን ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው ስለሚባል፣ ልጁ ሲያብጥ አይቶ «ቶሎ ወተት አጠጡት» የሚል ጎረቤት ይመጣል። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበሉና ድፉት።

መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከየንግድ ቦታው ወደ አገር ቤት የምትገቡ፣ ከመነሣታችሁ ከሳምንት በፊት ስልክ ደውላችሁ ንገሩ፤ ማዕዱ ከቀረበ በኋላ መንገር ክርክር ይጠራል። ለልጁ የራሱን ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር እሰሩበት፤ የሚያድነው ክሩ ሳይሆን ክሩን ያየ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ድስቱን አያቱ ራሳቸው ይጠብቁት፤ ልጁን ከማዕዳቸው ያራቃችሁባቸው ሳይሆን ማዕዱን የሚያዙለት እሳቸው ይሁኑ። ጎመኑ ቅቤና አይብ ሳይገባበት የልጁ ድርሻ ተቀንሶ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ይሠራለት። ሥጋው በቅቤ ከመለወሱ በፊት ለእሱ የሚሆነው ተነሥቶ በደንብ ይብሰልለት። ቆጮውም በንጹሕ ኮባ ተጠቅልሎ፣ ምጣዱ ቅቤ ሳይነካ፣ መጀመሪያ የእሱ ይጋገር፤ ከዚያ የቤቱ።